ሐሞት የቀመሰው ንጉሥ እና አባቴ

ባለፈው ሳምንት ዶሮ ስበልት ሐሞቷ ጣቴ ላይ ፈረጠ። ታጠብኩት፤ ሽታው ግን አልለቀቀኝም። ቆይቼ ሳላስበው ጣቴን ወደ አፌ ሳስጠጋ ምሬቱ ምላሴን ነካው፤ ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከአየር ጤና አለፍ ብሎ መንገድ ይሠራ ነበርና እዚያ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ለቻይናዊው ቀያሽ የመለኪያውን ዘንግ መያዝ ነበር። አባቴ የመንገድ ሥራው ግቢ ዘበኛ ነበር፤ ሥራውን ያገኘልኝም እሱ።

አንድ ማለዳ ሲሚንቶ ጎደለ ተባለ። ፎርማኑ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ሰው፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ተኝተህ ነው የምታድረው?" አለና አባቴን በጥፊ መታው። ናፍጣ በሚሸተው ግቢ ውስጥ ሁላችንም ቆመን አየን። አባቴ የወደቀ ቆቡን አነሳ፤ ጉልበቱ ላይ አራግፎ ወደ በሩ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶው ሌላ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ ያለው ግን የለም።

እኔ የተናደድኩት በፎርማኑ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባቴ ጋር ኮልፌ 18 ማዞሪያ ከታክሲ ስንወርድ፣ እስከ ቤታችን ድረስ የመንገዱን ማዶ ይዤ ለብቻዬ እሄድ ነበር።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት ቀያሹ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ዕድሜው የገፋ፣ አማርኛን ቃል በቃል እየለቀመ የሚናገር ሰው ነበር። በእንጨት ጭቃው ላይ አራት የቻይና ፊደል ጻፈ። "ጭራሮ ላይ መተኛት፣ ሐሞት መቅመስ" ማለት ነው አለኝ። ድሮ በአገራቸው አንድ ንጉሥ ተማርኮ የጠላቱን ፈረሶች ሲጠብቅ ዓመታት ኖረ። ተለቆ አገሩ ሲገባ ለስላሳ አልጋ አልፈለገም፤ ጭራሮ ላይ ተኛ። ውርደቱን እንዳይረሳም ሐሞት ሰቅሎ ይቀምስ ነበር። በመጨረሻ ጠላቱን ድል አደረገ።

"አባትሽ... ደካማ አይደለም" አለኝ።

የዚያን ዕለት ከታክሲ ስንወርድ ማዶውን ትቼ ከአባቴ ጎን ሄድኩ። ታሪኩን ነገርኩትና "አባዬ፣ አንተም ቀን እየጠበቅክ ነው?" አልኩት።

"ንጉሡ የሚመልሰው ዙፋን ነበረው" አለ። "እኔ ምሬቱን ይዤ ብገባ የምትቀምሱት እናትሽና አንቺ ናችሁ።"

"ረስተኸዋል ማለት ነው?"

"አይረሳም፣ ልጄ። ቤት ግን አላስገባውም።"

ክንዱን ያዝኩት። "ሰው ያየናል" አለኝ፤ እጄን ግን አላስለቀቀኝም።

አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። ያን ሦስት ሳምንት ማዶ ለማዶ ስንሄድ ምን ያስብ እንደነበር አልጠየቅኩትም። ይቅርታም አላልኩትም። እሱም እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም።