በሴቶች በኩል ያለው ግድግዳ

«ሰውየውን ተይውና ሥዕሉን እዪ። ሰው ያጠፋል፤ ሥዕል ምን አጠፋ?» አለኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ የእኔን ሽሮ በእኔው እንጀራ እያጠቀሰ።

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። የየደብሩን ሥዕል ፎቶግራፍ እያነሳ መጽሐፍ ሊያሳትም አስቧል። ንፋስ መውጫ ደርሶ «ስማዳ ውስጥ ግድግዳው የሚናገር ደብር አለ አሉኝ» ብሎ ሲጠይቅ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የዚያ አገር ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ ወደ እኔ ላኩት። ቤቴ ምሳ ጋበዝኩትና አንድ ነገር ለመንኩት። «በሴቶች በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ ሲኦል ውስጥ አንዲት ሴት አለች። እሷን አያንሷት። ካነሷትም ማን እንደሆነችና ለምን እንደተሳለች ከሥሯ ይጻፉ» አልኩት። ነገሩንም ከሥሩ ነገርኩት። «ሥዕል ምን አጠፋ?» ያለኝ ይህን ሰምቶ ሲያበቃ ነው። ቀጥሎ «መጽሐፌ የሥዕል ነው እንጂ የሐሜት አይደለም፣ ወይዘሪት የዝና» አለና ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ «እስቲ መጀመሪያ ልያት» ሲል ጨመረበት።

ትዝታ የሽማግሌ ነው ይላሉ። እኔ ገና ሽበት አላወጣሁም። ቁጭ ብዬ የኋላዬን የማሰላስል ሰውም አይደለሁም፤ እናቴ «የዝናን ወንበር ላይ ማሰር ነው እንጂ ማስቀመጥ አይቻልም» ትላለች። ሰውየው ወደ ማደሪያው ሄዶ ገበታውን ሳነሳ ግን እጄ ከመሶቡ ላይ ቀረ።

አለቃ ዘለቀ ወደ ደብራችን የመጣው አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በበቅሎ ጣቃ ጣቃ አቡጀዲ አስጭኖ። ያኔ «አንቱ» ነበር የምንለው። አሁን ብዕሬ እምቢ አለኝ። አቡጀዲውን በቆዳ ሙጫ ግድግዳው ላይ እየለጠፈ ነበር የሚስልበት፤ ሙጫው ሲፈላ ደብሩ ሁሉ የሞተ በሬ ይሸታል፣ ሰው ግን እንደ ዕጣን ቆሞ ያሸተው ነበር። ቀለቡ በተራ ነው። ዛሬ የአንዱ ቤት፣ ነገ የሌላው ቤት ምሳ ይልክለታል። በጾም የባቄላ ክክና ተልባ፣ በፍስክ ቅቤ የጠጣ ዶሮ። የተራው ዕለት ሴቱ ሁሉ እንደ ሠርግ ነበር የሚያበስለው።

እኔ ወገዳ ነበር የምማረው። ቅዳሜ ጭቃውንም አቧራውንም አቋርጬ ስመጣ እናቴን እንኳ ሳልስም ወደ ቤተ ክርስቲያን እሮጣለሁ። ከመሰላሉ ሥር ለተቀመጥን ልጆች አለቃ ጨዋታ አይሰለቸውም። «ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጣል፤ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ኃጥእን ግን በጎን ነው የምስለው፣ በአንድ ዓይን። ፊት ለፊት ሊያይሽ አይችልማ!» ይለን ነበር። የእመቤታችንን ዓይን የሳለ ዕለት ከሥር ቆሜ ነበር። ብሩሹን ሁለት ጊዜ ነካ አደረገው፤ ግድግዳው አየን። ለአባቷ ለቅሶ ያልደነገጠችው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አነባች። እኔም አነባሁ። ሥዕሉ አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ!

አንጓች የአክስቴ ልጅ ናት። አንዴ ተድራ፣ ባሏ ቢደበድባት ፈታ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ከእስቴ ሰዎች መጥተው ጠይቀዋት ሁለተኛው ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

በጥቅምት፣ የነአንጓች ቤት ተራ በደረሰበት ቅዳሜ፣ ምሳውን ይዛ አለቃ ወደሚያድርባት ጎጆ ሄደች። ስትመለስ መሶቡ በእጇ አልነበረም። ቀሚሷ ከትከሻው ተተርትሯል። ከኋላ፣ ወገቧ ላይ፣ ሰማያዊ እጅ ታትሞበታል፤ አምስቱም ጣት። የሆነውን ለእናቷና ለእኔ ነገረችን። እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው። አክስቴ ቀሚሱን ለማጠብ እንዶድ ስታነሳ የአንጓች አባት አያ ታከለ እጇን ያዟት። «ተይው። ይታይ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። አያ ታከለ ቀሚሱን መሬት ላይ ዘረጉት።

«ይህማ ቀለም ነው፤ ደም አይደለም» አለ አንዱ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ቀለም ነው። ተደግፋ ይሆናላ!» አለ ሌላው።

«ጣት ያለው ግድግዳ የት አገር ነው ያለ?» አልኩ ከሴቶቹ ኋላ።

«አንች ልጅ፣ አፍሽን!» ብላ እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

የደብሩ ገበዝ መምሬ ይርጋ ናቸው። ክርስትና ያነሱኝ፣ እኔንም አንጓችንም በስማችን እየጠሩ መስቀል የሚያሳልሙን ደግ ሰው። እንዲህ አሉ፦ «ሰውየውን ዛሬ ብናባርረው ግድግዳው እርቃኑን ይቀራል። ለኅዳር ሚካኤል የወረዳው ገዥ እንደሚመጡ ልከዋል። ይማልና ይብቃ።»

አለቃ ዘለቀ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ፣ ሁላችንም እየሰማን ማለ። «የዚችን ሴት ገላ ዓይኔ አይቶት፣ እጄ ነክቶት እንደሆነ፣ ዓይኔም እጄም ይጥፋ!» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ሲምል ውሸታሟ እሷ ሆነች፤ የአገራችን ዳኝነት እንዲህ ነው። ምሳውም በተራው ይሄድለት ጀመር። የነአንጓች ቤት ተራ ብቻ ተዘለለ፤ ያውም እንደ ቅጣት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ገዥው መጡ፤ የእስቴ አማቾችም ለበዓሉ መጡ። ግድግዳው እንደተሸፈነ ቅብዐ ቅዱስ ተቀባ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ከዚያ መጋረጃው ወረደ። እልልታው ጣሪያውን አነሳው። እውነቴን ነው፣ እኔም እልል ብያለሁ። እንዲያ ያለ ነገር በአገራችን አልታየም፤ ፈረሶቹ ያናፋሉ፣ መላእክቱ ይተነፍሳሉ።

እልልታው በሴቶች በኩል ነው ቀድሞ የቆመው። ከታች፣ ቁመታችን ላይ፣ ሲኦል ነበር። ከእሳቱ መካከል አንዲት ሴት፣ እስከ ወገቧ የተራቆተች፣ ጀርባዋን ሰጥታን ፊቷን በጎን አዙራለች። አንድ ዓይን። ሰይጣኑ ምላሷን በጉጠት ይዞ ይስባል። የሐሰት መስካሪ ቅጣት መሆኑን ማንም ያውቃል። አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ፤ ከሥሩ መስቀል። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው። ሴቱ ሁሉ ግድግዳውን አየ፣ ቀጥሎ አንጓችን አየ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ። የእስቴዋ አማት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

በሳምንቱ መልእክተኛ መጣ። «ልጃችን ለትዳር ገና ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን።» ልጃቸው ራሰ በራ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት የሁለት ልጆች አባት።

አንጓች ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ አልገባም አለች። ከቅጥሩ ውጭ፣ ንጹሕ ያልሆነ ሰው በሚቆምበት ትቆማለች። የእሷን መቆም አይቶ ደግሞ ሰው የሚለውን ይላል። እናቶች ልጆቻቸውን ግድግዳው ሥር አቁመው «ሐሰት የተናገረች እንዲህ ትሆናለች» ይሉ ጀመር። ሰይጣኖቹን ልጆች በሚስማር ዓይናቸውን ያወጧቸዋል፤ የቆየ ልማድ ነው። እሷ ላይ ይተፉባት ነበር።

እኔ አላስቻለኝም። አንድ ከሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው በሌለበት፣ ጭቃ በቅል ይዤ አንጓችን እየጎተትኩ አስገባኋት። «ፊቷን ብቻ ልለስነው። ማን ያየናል?» አልኳት። አንጓች ወደ ግድግዳው ቀረበች። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር ተጠግታ ስታያት። 

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ኋላ፣ ጣቷን ወደ ሥዕሏ ጀርባ አስጠግታ፣ ሳትነካ።

አየሁ። ከቀኝ ትከሻዋ ሥር፣ የወይራ ቅጠል የምታክል፣ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀች ጠባሳ። ቅሉ ከእጄ ወደቀ። አንጓች በሕፃንነቷ ጀርባዋን ፍም ነክቷት ነበር። ወንዝ ስንወርድ ጀርባዋን የማሽላት እኔ ነኝና ያችን ጠባሳ ከራሴ መዳፍ በላይ አውቃታለሁ። ከእኔና ከእናቷ ሌላ፣ ከፈታችው ባሏ ሌላ፣ ሰው አያውቃትም።

«ጠባሳሽ ነው» አልኳት።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?» አለች። ራሷ አይታው አታውቅማ፣ ጀርባዋ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ «በደንብ ነው ያየኝ» አለችና ወጣች።

ጭቃውን ረሳሁት። እግሬ አውጪኝ ብዬ መምሬ ይርጋ ቤት ደረስኩ። ሽማግሌዎቹም ጠላ እየጠጡ እዚያው ነበሩ፤ ይበልጥ ደስ አለኝ። «ገላዋን ዓይኔ አላየም ብሎ ምሏል አይደለም? ታዲያ ጠባሳዋን የት አየው? ኑና እዩ! አክስቴን ጠይቁ! በገዛ ብሩሹ መስክሮበታል!» አልኳቸው። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነበር። ነገሩ አለቀለት ብዬ፣ ልጅ ነኝና፣ ቆሜ ጠበቅኩ።

 ቀሚሱን ቀለም ነው ያለው ሽማግሌ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«እንግዲያው ራሷ አሳይታዋለቻ!» አለ።

ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። አንድ ሰው «ይኸው፣ ከዘመድ አፍ ወጣ» አለ። እፎይታቸውን አልረሳውም፤ ጥላ አግኝቶ እንደሚቀመጥ ከብት ነበሩ።

መምሬ ይርጋ ከበሩ ድረስ ሸኙኝ። «ልጄ፣ እኔ እውር አይደለሁም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንግዲያው ያስጠፉልን።»

«ቅብዐ ቅዱስ ነክቶታል። ከተባረከ ወዲያ አይነካም።»

«ሰይጣኑም አብሮ ተባርኳል?»

መስቀላቸውን አነሱ፤ ሊመቱኝ ነው ወይስ ሊያሳልሙኝ፣ እሳቸውም ያወቁት አልመሰለኝም። «ሰው ያልፋል፣ የዝና። ሥዕሉ ግን ለልጅ ልጅ ነው» አሉ።

ለልጅ ልጅ! እሱ አይደል እንዴ ያስጨነቀኝ።

አለቃ ዘለቀ ኮርቻውን በብር አስለብጠውለት፣ ካባ አልብሰው ሸኙት። ከዚያ ሌላ ደብር ሳለ፤ ከዚያም ሌላ። አርጅቶ በክብር ሞተ። ዓይኑም እጁም እስከ መጨረሻው አልከዱትም አሉ። አንጓች ታች ጋይንት ዘመድ ዘንድ ሄደች፤ ቆይታ አገባች፤ ወለደች። እዚያ ማንም ግድግዳውን አያውቅም። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ፊደል ለይተዋል። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃት ስሄድ ሳቋ ተመልሶ ነበር፤ ከወንዝ ማዶ ባይሆንም ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። ሰውየውን ምሳ ጋብዤ የለመንኩት ለዚህ ነው። ግድግዳ ከቦታው አይነሳም፤ መጽሐፍ ግን ትምህርት ቤት ይገባል።

ሥዕልን ከሠሪው መለየት ይቻል እንደሆነ ብዙ አስቤያለሁ። እመቤታችንን ሳይ ዛሬም ልቤ ይሸበራል፤ ያንን ዓይን የሳለው ያ እጅ መሆኑን እያወቅሁ። ለእኔ ይቻል ይሆናል። ከግድግዳው ውጭ ነኛ። ግድግዳው ውስጥ ላለችው ማን ይለይላት?

ሰውየውን ይዤው ሄድኩ። ሌላ ሰው እንዲመራው አልፈለግሁም፤ ሲያያት አጠገቡ ልሁን ብዬ ነው። በበቅሎ ወገዳ አድረን በማግስቱ ደብሩ ደረስን። ዲያቆኑ በሩን ከፈተልን። ውስጡ ጨለማ ነው። ሰውየው ዙሪያውን አየና «ፀሐዩን ወደ ውስጥ መመለስ አለብን። ነጠላሽን ዘርግተሽ በሩ ላይ ቁሚልኝ» አለኝ። ቆምኩለት። ፀሐዩ ከነጠላዬ ላይ እየነጠረ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ፈረሶቹ ከጨለማው ወጡ፤ መላእክቱም። እሱ እየተንበረከከ፣ እየተነሳ ያነሳል። «ይገርማል! ይገርማል!» ይላል። እመቤታችንንም አነሳት። ክንዴ ዛለ፤ አላወረድኩትም።

ከዚያ ወደ ታች ወረደ። ከሲኦሉ ፊት ተንበረከከ። 

«እሷ ናት?» አለኝ።

«እሷ ናት።»

«ከዚህ ግድግዳ ሁሉ በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት» አለ። «የቀረው በልማድ የተሳለ ነው። ይቺ ግን ከሰው ገላ ላይ የተቀዳች ናት። ጠባሳዋን እያት እስቲ! የመጽሐፉ ሽፋን ትሆናለች።»

«ከሥሯስ ምን ይጽፋሉ?»

«‹ያልታወቀች ሴት›» አለና ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ። «ከፍ አድርጊው። ትንሽ ወደ ቀኝ። ብርሃኑን ጀርባዋ ላይ ጣይልኝ።»

ክንዴን አወረድኩ። ግድግዳው ጠፋ።

«ወይዘሪት የዝና?»

ነጠላዬን ለበስኩ።

«ወይዘሪት የዝና! ብርሃኑ!»

የወገዳን መንገድ ይዤ ወረድኩ።