መነኩሲት ያልናት ጠመንጃ

ዝም ብዬ ስቀመጥ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት አታርፍም። ታክሲ ሲዘገይ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ስይዝ፣ ብቻዋን ትታጠፍና ትዘረጋለች። ባለቤቴ "ኧረ እቺን ጣትህን አንድ በላት፣ ልቤን አወለቀችው!" ትለኛለች። ምን ልበላት? ትናንት ደግሞ ባሰባት። እዚህ ባሕር ዳር ከሱቄ ጎን አዲስ ጌም ቤት ተከፍቷል። ሒሳብ ስቀበል ከዚያ ውስጥ "ትዝዝዝ... ጧ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ጣቴም ዘለለች። ለደንበኛዬ መልሱን ሳልሰጥ ቆሜ ቀረሁ።

መነኩሲቷ ነበረች። ከስንት ዓመት በኋላ!

ስማኝማ፣ ከሥሩ ልንገርህ። አሥረኛ ክፍልን የተማርኩት መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው። የእስቴ ገጠር ልጆች ሁላችንም እንደዚያ ነበርን፤ ቅዳሜ በገበያ ቀን ከቤት ስንቅ ይመጣልናል፣ ሳምንቱን እሱን እያብቃቃን እንከርማለን። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የጭቃ ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ቴሌቪዥን አስቀምጦ ጌም ያጫውት ነበር። ባለጌሙ እንለዋለን። ደጃፉ ላይ መጋረጃ እንጂ በር የለውም። ውስጡ ላብ፣ የጋለ ሽቦና የተላጠ ሸንኮራ ይሸታል። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ እያረፈ ያስቸግረናል፤ ተራው ያልደረሰው ልጅ በመዳፉ ይከልላል።

ጨዋታው ሁለት ጨረቃ ባላት ዓለም የብረት ልብስ የለበሱ ወታደሮች የሚዋጉበት ነው። ጠመንጃው ብዙ ነበር፤ እንደ ዝናብ የሚያርከፈክፈው፣ እሳት የሚተፋው፣ ምኑ ቅጡ። ሌላው ልጅ የሚያርከፈክፈውን ይሻማል። እኔና ጓደኛዬ ግን አንዷን ብቻ ነበር የምንፈልገው። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ረዥም፣ ስድስት ጥይት ብቻ የምትጎርስ። ስሟ ከሥሯ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ እንዴት እንደሚነበብ ስላልተስማማን መነኩሲት አልናት። ከሰው ርቃ፣ ብቻዋን፣ በጭምትነት ነበር የምትሠራውና። በመነጽሯ ስታይ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ይሆንና ይወዛወዛል። ከዚያ ትዝዝ ትላለች። ያን ጊዜ የቸኮለ ሳተ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ችኩል ነበርኩ። ክፍል ውስጥ አልቀመጥ፣ ቤተ ክርስቲያን አልቆም፣ እሳት እንደነካው ሰው ስቅበጠበጥ ነው የምውለው። "አትቸኩል፤ ቆይ፣ እስክትረጋ" ያለኝ ጓደኛዬ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ፣ በትከሻው ትከሻዬን ተጭኖ አስተማረኝ። በሕይወቴ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት እሱ ጎን ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጓደኛዬ የደመኛችን ልጅ ነበር። እኛ ሕፃናት ሳለን የእሱ አጎት የእኔን አጎት በእርሻ ድንበር ጠብ ገድሎታል። ገዳዩ ታስሯል፤ ሽማግሌ ገብቷል፤ አባቴ ግን ዕርቁን እሺ አላለም። በእኛ አገር ዕርቅ እስኪወርድ ሁለቱ ወገን አንድ ለቅሶ አይቀመጥም፣ በአንድ መንገድ አይሄድም። ሁሉም የሚያየው የሚያድገውን ወንድ ልጅ ነው፤ ደሙን ይመልሳል ብለው እኔን እያዩ ነበር። የማን ልጆች መሆናችንን ያወቅነው ከተዋደድን በኋላ ነው። አንዱን ቀን ሸንኮራ እየጋጠ "እና ምን ይጠበስ?" አለኝ። እኔም ምን ይጠበስ አልኩ። ለቤተሰብ ግን ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

አንድ ልማድ ነበረን። በመነኩሲቷ ሰው የጣለ የተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ ወጥቶ ይፎክራል። የገጠር ልጆች ነና! የአባቶቻችንን ፉከራ ይዘን ነው ወደ ጌም ቤቱ የገባነው። ፉከራ ደግሞ የወደቀውን ሰው የአባት ስም ካልጠራህ ፉከራ አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ዘገየ። ተራችን ደርሷል፣ እኔ መጠበቅ አልችልም። ሁለቱንም ጆይስቲክ ያዝኩና የእሱን ሰው ግንብ ላይ ገትሬ፣ የእኔን ከማዶ ኮረብታ ላይ አስተኝቼ መተኮስ ጀመርኩ። የማይንቀሳቀስ ሰው መምታት ምን ጀብዱ አለው? ልጆቹ ግን ሳቁልኝ፤ ሳቃቸው አሰከረኝ። አግዳሚው ላይ ወጣሁ። "ዘራፍ!" አልኩ፣ የጓደኛዬን ስም ከነአባቱ እየጠራሁ፤ "ግንቡ ላይ ደፋሁት! አንድ ጥይት በቃችው! ገና መቼ ጀመርኩና!" ደጋግሜ ደፋሁት። ደጋግሜ ፎከርኩ።

ለካስ እናቱ ስንቅ ተሸክማ መጥታ፣ ልጇ የተከራየው ቤት ጠፍቷት፣ መጋረጃው ውጭ ቆማለች። ይህን በኋላ የነገረኝ ባለጌሙ ነው። "ይኼ የሚፎክረው የማን ልጅ ነው?" ብላ ጠየቀችው። እሱም፣ እግዜር ይስጠውና፣ በእኔ ኮርቶ የአባቴን ስም ነገራት፤ "ስቶ አያውቅም፣ እናቴ!" ብሎ ጨመረላት። እሷ ጌም የሚባል ነገር ከየት ታውቃለች? ስንቁን እንደተሸከመች ዞራ ሄደች።

ማታውን ቤቱ ብሄድ ተቆልፏል። አከራይዋ ሴትዮ "እናቱ እጁን ይዛ እያለቀሰች ወሰደችው። ሊገድሉብኝ ነው ትላለች። መተማ ዘመድ አላቸው መሰለኝ" አለችኝ። ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። እኔ ሰነፍ ነኝ፤ እሱ ግን ከክፍሉ አንደኛ ነበር።

በማግሥቱ ግማሽ ቀን በእግሬ ተጉዤ አገሬ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኛል። አባቴ ሞፈር ሲጠርብ ነበር፤ ሲያየኝ መጥረቢያውን አስቀምጦ ተነሣልኝ። ለእኔ! ተነሥቶልኝ አያውቅም።

"እውነት ስቶ አያውቅም ይሉሃል?" አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ።

"አባዬ፣ ጌም ነው እኮ።"

"ጌም ማለት?"

"በቴሌቪዥን ውስጥ... ጨዋታ ነው፤ ሰው የለበትም።"

"እና እዚያ ጨዋታ ውስጥ የማንን ልጅ ነው የደፋኸው?"

የሟቹን አጎቴን ጠመንጃ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የግቢው ካብ ላይ ቅል አስቀመጠና "አሳየኝ" አለ። ተኛሁ። ጓደኛዬ እንዳስተማረኝ እስክትረጋ ጠበቅሁ። ይቺኛዋ ግን ትዝዝ አትልም፣ ትከብዳለች፣ ዘይት ዘይት ትሸታለች። ሦስት ጥይት ተኮስኩ፤ ትከሻዬ የወለቀ መሰለኝ። ቅሉ እንደተቀመጠ ነው። አባቴ ጠመንጃውን ከእጄ ወሰደ።

ያኔ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ? "ልጁ ጓደኛዬ ነው አባዬ! ያስተማረኝ እሱ ነው። ፈተናው ሊያልፍበት ነው። ልጄ መተኮስ አይችልም ብለው ይላኩላቸው!" አልኩት።

በእኛ አገር አንድ አባት ይህን ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። ሁለት ቀን አላናገረኝም። እኔም ከጓሮ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ጓሮ ስመላለስ ሣሩን ጨረስኩት። በሦስተኛው ቀን ጋቢውን ለበሰና፣ ጠመንጃውን ትቶ ዱላ ብቻ ይዞ፣ ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሄደ። ተከተልኩት።

"አባታችን፣ ለነዚያ ሰዎች ይንገሩልኝ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። "የኔ ልጅ መተኮስ አይችልም። ከሃያ እርምጃ ቅል ይስታል።"

"ይህን ካልክ፣ ዕርቁንም አብረህ ጨርሰው" አሉት ቄሱ።

"እሺ" አለ አባቴ። ያን ቀን የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ዕርቁ ከክረምቱ በፊት ወረደ። መተማ መልእክተኛ ሲደርስ ግን ጓደኛዬ የለም። ከቀን ሠራተኞች ጋር ሱዳን ተሻግሯል አሉ። በዕርቁ ዕለት እናቱ ወደ እኔ መጣች። የሚገባኝን ስድብ እየጠበቅሁ ነበር። ቀኝ እጄን ያዘችና ገልብጣ አየችው።

"በዚች ጣት ነው?"

"በዚች ነው፣ እናቴ።"

"ምነው፣ ለስላሳ ናት" አለችና እጄን እንደያዘች አለቀሰች። በየዓመቱ ለበዓል ስሄድ እጠይቃታለሁ። ልጇ አንድ ሁለቴ ስልክ ደውሎላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም።

እና ትናንት ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። ጨዋታው ክፍል አምስት ደርሷል፤ ጨረቃዎቹ ሦስት ሆነዋል። መነኩሲቷን መረጥኩ። "እሷን ይተዋት ጋሼ፣ ትዘገያለች" አለኝ አንዱ ጎረምሳ። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ተቀበልኩትና ሰውዬውን አንድ ማማ ላይ ወስጄ አቆምኩት። ከዚያ የእኔን ሰው ከማዶ አመጣሁት፤ መንገዱ ረዥም ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው። አጠገቡ ደርሼ ትከሻ ለትከሻ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ አይተኩሱም እንዴ?"

"ቆይ፣ እስክትረጋ" አልኩት።

ሰዓቴ እስኪያልቅ እዚያው ቆምን። ጣቴ አልተንቀሳቀሰችም።