ኅዳር ላይ የቆመ መወርወሪያ

የተጨፈለቀ የጥጥ ፍሬ ሽታው ዘይት ዘይት ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የራሰ አፈር አለበት። ዛሬ ጠዋት የአሁኗ ጎረቤቴ ለላሟ ስትወቅጥ በአጥሩ ሾልኮ መጣብኝና የያዝኩትን አስጣለኝ። ያቺ የልጄ አስተማሪ ትዝ አለችኝ፤ ያ ኅዳር ትዝ አለኝ። ሰው ብዙ ነገር ይረሳል፣ አፍንጫ ግን የሚረሳ አይመስለኝም።

ያኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነበርን፤ ከገበያው ጀርባ፣ የባጃጅ ጩኸት የማይለየው ግቢ ውስጥ። ባለቤቴ ሸማኔ ነበር። ከደጋው መንደራችን ከኦቾሎ ስንወርድ ከመወርወሪያውና ከእኔ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም፤ ራሱ ነበር እንዲህ እያለ የሚቀልደው። በእኛ ዘንድ ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። አንድ ሸማኔ ደግሞ በአንዲት ሴት እንዝርት አይጠግብም። እኔም ልጄም ፈትለን ለእሱ አንደርስለትም ነበር። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ቀን ተማሪ፣ ማታ ፈታይ። አንዳንዴ ተቀምጣ እንቅልፍ ይጥላትና ጣቶቿ ብቻቸውን ነቅተው እንዝርቱን ያዞሩታል። ነጠላዬን አለብሳታለሁ። ምን ልበላት?

የእኛ ሸማኔዎች የትም ይኑሩ ለመስቀል አገር ይገባሉ። የባለቤቴም ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ መጣ፤ በላ፣ ጨፈረ፣ ከዚያ ነገሩን አወጣው። «እዚህ ማግ እየጠበቅክ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከምትደርቅ ልጅቷን ይዘህ እኔ ጋ ና። እሷ ትፈትላለች፣ እኛ እንሸምናለን።»

«ትምህርቷስ?» አልኩት።

«እዚያ ይታያል።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን እጮህበት ነበር። ባለቤቴን ሽመና ያስተማረው እሱ ነው፤ ታላቅ ወንድም እንቢ አይባልም። ባለቤቴ መሬት መሬት እያየ፣ «ለገና ስትመለስ መልሴን ታገኛለህ» አለው።

አስተማሪዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ቢጥላት፣ ምን እንደሆነ ልታይ። ቀጭን፣ ከሰሜን የመጣች፣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ፊቷን ያቀላው ልጅ። የንግድ ሥራ ነበር የምታስተምረው፤ የሰው ጉልበት እንዴት እንደሚሰማራ፣ ሥራ በምን ዘዴ እንደሚከፋፈል። ይህ ትምህርት መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለችው ባለቤቴን።

«እኔ ልጄን ጠልቼ ነው ቲቸር? መወርወሪያው ምን ይብላ?»

«ያለ እሷ የማታ ሥራ ማጉ ቢደርስልዎትስ?»

ባለቤቴ ሳቀ። ለአንድ የሠርግ ቤት ብዙ ሸማ ታዞ ነበር። «ይህ ሁሉ ያለ እሷ ጣት እስከ ገና ይለቅልኝ፤ እግሬ ከዚህ ጉድጓድ አይወጣም። እሷም ትማር።»

በሳምንቱ ተማሪዎቿን ሁሉ ይዛ ግቢያችንን ሞላችው። በከሰል መሬት ላይ ለየሥራው ክብ ክብ ሠራች። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዳችን ሴቶች በየቤታችን ጥጡን ዳምጠን ፍሬውን እናወጣለን፣ በደጋን እንነድፋለን፣ እንፈትላለን። «ከእንግዲህ አንዷ አንዱን ብቻ ትሥራ፤ ከሸማው ዋጋ ትካፈላላችሁ» አለች። ክንደ ብርቱዋ ጎረቤቴ ከመዳመጫው ድንጋይና ብረት ጋር ተቀምጣ ጥጡን ከፍሬው ትለይ ጀመር። ሌላይቱ ጎረቤቴ፣ የጸሎት ቤት ሰው የሆነችው፣ ደጋኑን ይዛ ጥጡን እየነደፈች ለስላሳ ባዘቶ ታደርገዋለች። የቀረነው እንፈትላለን። ተማሪዎቹ ከአንዷ ወደ አንዷ ያመላልሳሉ። አስተማሪዋ ለአንዱ ጎረምሳ እንዝርት ብትሰጠው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

«ኧረ ቲቸር! አያቴ ብታየኝ ከመቃብር ትነሳለች!»

«ትነሳና ታግዘን!» አለችው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ጥቅምትን እንዴት ልንገራችሁ? የደጋኑ ድምፅ ድም፣ ድም ሲል፣ ባዘቶው በፀሐይ እንደ ዳመና ሲከመር፣ ባለቤቴ ከጉድጓዱ ሆኖ ሲያንጎራጉር። ልጄ ማታ ተኛች። ሰው እንደሚተኛው፣ ተዘርራ። ተነስቼ እያየሁ ዳሰስኳት።

ከዚያ ኅዳር ገባ።

በኅዳር በዓል የማይውልበት ሳምንት አለ? ድሮ ክንደ ብርቱዋ ጎረቤቴ በዓሏን ስታከብር የሚቆመው የእሷ እንዝርት ብቻ ነበር። አሁን ግን እሷ ስትቆም ደጋኑ ይቆማል፤ ደጋኑ ሲቆም እኛ እንቆማለን፤ እኛ ስንቆም መወርወሪያው ባዶውን ይቀመጣል። እሷ ስትመለስ ደግሞ የደጋኗ ሴት ለጾም ጸሎት ትሄዳለች። የተለያየ እምነት፣ የተለያየ ቀን። ለየብቻ ስንሠራ ማናችንም አላሰብነውም። ባለቤቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንደዘረጋ ያየናል። ማንጎራጎሩን ተወ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አስተማሪዋ ብቻዋን መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ጎረቤቴ በነጭ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰች ነበር።

«እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ። ለአንድ ቀን። ልጅቷን ሊወስዷት ነው።»

ጎረቤቴ የአስተማሪዋን ማተብ አየችው። «አንገትሽ ላይ ያሠርሽው ምንድን ነው ልጄ? አንቺ ነሽ እኔን በሚካኤል ሥሪ የምትይኝ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ቤቷ ገብታ ዘጋች።

አስተማሪዋ ከድንጋዩ ፊት ተንበረከከችና ብረቱን ራሷ አነሳች። አይሆንላትም። ፍሬው ሾልኮ መውጣት ሲገባው ከሥሩ ይጨፈለቃል፤ ዘይቱ ጥጡን ያቆሽሸዋል። ትገፋዋለች፣ ይጨፈለቃል፤ ትገፋዋለች፣ ይጨፈለቃል። «ለበዓል ቀን ተርፎ የሚቀመጥ ባዘቶ መያዝ ነበረብን» ትላለች፤ «አስተምሬዋለሁ እኮ! ራሴ አስተምሬዋለሁ!» ሽታው ግቢውን ሞላው። ብረቱን ከእጇ ቀስ ብዬ ወሰድኩት። አቀፍኳት፤ ላቧ ላቤ ላይ ቀረ።

ጎረቤቴ ከዚያ በኋላ ወደ ድንጋዩ አልተመለሰችም። አልፈርድባትም፤ ዛሬም አልፈርድባትም። እሷ ስትቀር የቀሩትም ወደየቤታቸው ተበተኑ። ልጄ ሳይነገራት እንዝርቷን አንስታ ማታ ማታ ቀጠለች፤ አልደረሰም። የሠርጉ ባለቤቶች መጥተው ያለቀውን ወስደው የቀረውን ሌላ ዘንድ አዘዙ።

ለገና ወንድሙ መጣ፤ ባለቤቴና ልጄ አብረውት ሊሄዱ፣ እኔ ቤት ልጠብቅ ሆነ። መናኸሪያው ውስጥ፣ ገና ሳይነጋ፣ አውቶቡሱ ጢሱን ሲለቅብን ልጄ መጽሐፏን ሰጠችኝ። «የትምህርት ቤቱ ነው፤ መልሺልኝ እማዬ፤ ሌላ ልጅ ይማርበት» አለች። አላለቀሰችም። አባቷ ነው ያለቀሰው።

አሁን ሲቀላ የፋብሪካ ክር በየሱቁ ተንጠልጥሏል፤ እንዝርት የምትይዝ ልጅ አይታይም። ልጄ በስልክ ታወራኛለች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ወገቧ። ስለ ትምህርት አንስታ አታውቅም፤ እኔም አላነሳም።

ያኔ ግን፣ እነሱ በሄዱ ሰሞን፣ መጽሐፉን ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ደጁን ረግጬ አላውቅም። በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። አስተማሪዋ ስም እየጠራች ነበር፤ ተማሪዎቹ «አቤት፣ አቤት» ይላሉ። የልጄን ስም ጠራች።

የኖራ አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ሲንሳፈፍ አያለሁ።

«ትመጣለች ቲቸር» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሺ» አለች፤ የሚቀጥለውን ጠራች። በኋላ እንደሰማሁት ዓመቱ እስኪያልቅ በየማለዳው እንዲሁ ነበር፤ እሷ ትጠራለች፣ እነሱ ትመጣለች ይላሉ።

አልገባሁም። መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።