በኅዳር ሚካኤል የወደቀው ሰው

ሥራዬን በትክክል የሚያውቅልኝ ሰው አላገኘሁም። «ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» ስል መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ጤፍ የምትሸጥልኝ ሴት እንኳ «ብር ሲቆጥሩ መዋል እንዴት ደስ ይላል!» ትለኛለች። ብር አልቆጥርም። አንድ ሥራ ተቋራጭ ለመንግሥት የሠራውን ነገር፣ መንግሥት በሚቀበለው መልክ በወረቀት ላይ እንደገና እሠራለሁ። ግድግዳው አንድ ጊዜ በድንጋይ ይቆማል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ላይ በደረሰኝ ይቆማል። በድንጋይ የቆመው ትንሽ ቢዘም ይታለፋል። በወረቀት የቆመው ከዘመመ ግን ምሕረት የለም።

ተቋራጩ ከተማው ሁሉ «ሀጂ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በእንጨት ንግድ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ግንባታ የገቡ። ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያቆለቁለው መንገድ ዳር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ይሠሩ ነበር። የሲሚንቶ ዋጋ አልጨበጥ ስላለ በቁርጥ ዋጋ የሚዋዋል ተቋራጭ ጠፍቶ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት «ያወጣችሁትን በማስረጃ አምጡ፤ ትንሽ ትርፍ ጨምረን እንከፍላለን» የሚል ውል ተዋዋለ። ሲሰሙት ጥሩ ነው። መከራው ያለው «በማስረጃ» የምትለዋ ላይ ነው። ድንጋይ የሚያቀርበው ገበሬ ደረሰኝ የለውም። አሸዋ በአህያ የሚያመጣልንን ሰው ደረሰኝ ብጠይቀው «የአህያዋን ነው የአሸዋውን?» አለኝ። እኔ የተቀጠርኩት ይህን ሁሉ በየወሩ ደንቡ የሚፈልገውን መልክ አስይዤ፣ በየገጹ ማኅተም አስመትቼ እንዳቀርብ ነበር።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው የጉልበት ክፍያ ነው። ሥራው ሲጀመር ሠራተኞች በመታወቂያቸው ይመዘገባሉ፤ ዝርዝሩ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ መንግሥት የሚያውቀው እነዚያን ስሞች ብቻ ነው። በዝርዝሩ የሌለ ሰው የሠራው ቀን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

እኛ አገር ግን ሥራ በአንድ ሰው ስም አይያዝም። ሕዝቡ በወንፈል ያደገ ነው፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እያለ ነው የኖረው። ወደ ግንባታው ሲመጣም ይህንኑ ልማድ ይዞ መጣ። ዓርብ ሙስሊሙ ለጁምዓ ሲሄድ ክርስቲያን ጎረቤቱ ቦታውን ይይዝለታል። በሚካኤልና በማርያም ክርስቲያኑ ሲቀር ሙስሊሙ ይተካዋል። የዕለቱን ክፍያ የሠራው ይወስዳል፤ የሚፈርመው ግን የተመዘገበው ነው። ፎርማኑ ሰው እስካልጎደለበት ድረስ ግድ የለውም። ሀጂም በዓል በመጣ ቁጥር ሥራው ባለመቆሙ ደስተኛ ነበሩ።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት ከፔሮሉ ላይ ነው። አንድ የማውቀው የጉልበት ሠራተኛ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሙሉ ቀን ድንጋይ ሲሸከም እንደዋለ ይነበባል። ሰውየው የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ በዚያ ቀን እንኳን ድንጋይ ሊሸከም እንጨት አይፈልጥም። ሄጄ ብጠይቀው ምንም ሳይደብቅ «ጎረቤቴ ነው የሚገባልኝ፤ ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ነው» አለኝ። እንደ ጥፋት የቆጠረው ነገር አልነበረም፤ እውነትም ጥፋት አልነበረም።

የተተኪዎቹን ስም ልጨምር ብዬ ወደ አሠሪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሪፖርቱን የሚያየው ባለሙያ ትሑት ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«ስም ከተጨመረ ሪፖርቱ ተመላሽ ነው» አለኝ። «ዝርዝሩ አንዴ ጸድቋል።»

«ታዲያ በሚካኤል ዕለት ድንጋይ ተሸከመ ብዬ ልጻፍ?»

«ሚካኤል መመሪያው ውስጥ የለም» አለ። እሱ ራሱ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ አርፍዶ ነው ቢሮ የሚገባው። ያም ሆኖ «በደብዳቤ ጠይቁ» አለን፤ በደብዳቤ ጠየቅን። መልስ አልመጣም። ሕግ አክባሪ መሆን ማለት ያልመጣ መልስ ሲጠብቁ መኖር መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት።

አደጋው የደረሰው የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ያ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነጠላውን አጣፍቶ ከታቦቱ ጋር ሲወርድ፣ ጎረቤቱ እሱን ተክቶ ብሎኬት እያቀበለ ነበር። የባሕር ዛፍ መወጣጫው የታሰረበት ገመድ ላልቶ ኖሮ እንጨቱ ተንሸራተተና ሰውየው ከነብሎኬቱ ወደቀ። የጭኑ አጥንት ለሁለት ተሰበረ። የሚሠራው ጤና ጣቢያ ቢሆንም ሥራው ስላላለቀ፣ በሀጂ አይሱዙ ጭነን በዚያ ኮረኮንች መንገድ ወደ ከተማ አመጣነው። በየጉድጓዱ «ያ ረቢ!» ሲል የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወደ ደሴ ላኩት። ደሴ ላይ ጭኑ ብረት ካልገባለት እንደማይቀና ተነገረው። ብረቱ በገንዘብ ነው። ሴት ልጁ ዓረብ አገር ከገባች ገና መንፈቅ አልሞላትም፤ የሄደችበትን ብድር እንኳ አልጨረሰችም።

ገንዘቡ ያለው ኢንሹራንሱ ዘንድ ነበር። ሀጂ በውሉ መሠረት ለሠራተኞቹ መድን ገብተዋል። መድኑ ግን የሚከፍለው ፔሮል ላይ ስሙ ላለ ሰው፣ አደጋው በጸደቀ ሪፖርት ላይ ሲሰፍር ነው። ሰፈርተኛው ወዲያው መላ ዘየደ፦ የተኛው ሰው የጎረቤቱን ስም ይያዝ፣ ያለቀለት ነገር ነው። ግን ጊዜው አልፏል። ሐኪም ቤት ሲገባ ስምህ ማነው ሲሉት የራሱንና የአባቱን ስም ተናግሯል። አጥንቱ ተሰብሮ የሚያቃስት ሰው ስም መዋስ አይሆንለትም።

ስለዚህ እውነቱን ጻፍኩት። በዚያ ዕለት ረድፍ ላይ የሠራውን ሰው ስም አስገባሁ፤ መተካካቱ እንዴት እንደሆነ አስረዳሁ፤ ፎርማኑንና አብረውት የነበሩትን አስፈረምኩ። ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው ሲጨርሱ ላብ አጠመቃቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ከተመለሰ የወሩ ክፍያ ቀረ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሠራተኛ ምን ሊበላ ነው?»

«ሀጂ፣ ሰውየውስ በምን እግሩ ሊቆም ነው?»

ወረቀቱን ገልብጠው እንደገና አነበቡት። ኋላ «አላህ ያግራው፤ ውሰጅው» ብለው ፈረሙ።

ሪፖርቱ ተመለሰ። የአንድ ቀን ስም ስለተለወጠ የወሩ የጉልበት ወጪ በሙሉ «ተቀባይነት የሌለው ወጪ» ተብሎ በቀይ ተሠምሮበታል። ያን ጊዜ ስሙ በፔሮሉ ላይ ያለው ጎረቤት «ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ። የተጎጂው ሚስትም ተከተለችን፤ ሦስታችን ባለሙያው ፊት ቀረብን።

«እኔ አልነበርኩም» አለ ጎረቤትየው። «ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ታቦት ሳጅብ ነው የዋልኩ።»

ባለሙያው የቀደመውን ወር ፔሮል አውጥቶ አዞረለት። «ይሄ ፊርማህ ነው? ይሄም ወር በገባ በአሥራ ሁለት ነው።»

«ነው።»

«እንግዲህ በበዓል ትሠራለህ ማለት ነው። አልሠራሁም ካልክ ደግሞ ያልሠራህበትን የመንግሥት ገንዘብ ፈርመህ ወስደሃል፤ ያስጠይቅሃል።»

«ልጠየቅ» አለ። «ብቻ እሱ ይታከም።»

«አንተ ብትጠየቅም እሱ ሠራተኛ አይሆንም።»

ሚስትየዋ እስካሁን ጥጉን ይዛ ቆማ ነበር። «ጌታው፣ አፉ ይበሉኝ» አለች፤ «ባሌ ሠራተኛ ካልሆነ፣ ያን ያህል ከፍታ ምን ሊሠራ ወጣ?»

ወጣቱ እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። ያዘነ ይመስለኛል። ሐዘኑ ግን ለማንም አልጠቀመም። ከቢሮው ስንወጣ ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሷው ናት «ኸይር ነው» ያለችኝ።

ከዚያ የሆነው አጭር ነው። ሠራተኛው ደመወዙ ሲዘገይ ማጉረምረም ጀመረ፤ በእኔም ላይ አጉረመረመ፤ አልፈርድበትም፣ ቤቱ ባዶ ነው። ሀጂ ሪፖርቱን ለሌላ ሒሳብ ሠራተኛ ሰጥተው በድሮው ስም አሠሩት። ያለ አንዳች የኦዲት ግኝት ጸደቀ። በዚያ ሪፖርት ላይ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሁሉም ሙሉ ቀን ሠርተው በሰላም ወደየቤታቸው ገብተዋል። ኋላ ለሥልጠና ስንጠራ፣ ያው ባለሙያ ስለ ጥሩ ሪፖርት ሲያስረዳ ምሳሌ አድርጎ ያሳየን እሱኑ ነው። ሠልጣኙ ሁሉ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ተነስቼ ልጮህ ፈልጌ ነበር፤ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።

ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ አዋጣ፣ ሀጂም ከኪሳቸው ሰጡ፣ ልጅቱ ያላትን ላከች። የአልጋና የመድኃኒቱን ቻለ፤ ለብረቱ አልደረሰም። ሰውየውን ወደ ቤቱ መልሰው ለወጌሻ አሳዩት። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ፤ አንድ እግሩ አጠረ። መሬቱን ጎረቤቱ ያርስለታል፤ የእሱን ሳይጨርስ የራሱን አይጀምርም። የሚመልስለት ጉልበት እንደሌለው እያወቀ ነው። ይህን ግን ማንም በምሳሌነት አላሳየንም።

ጤና ጣቢያው ተጠናቆ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለመጨረሻው ርክክብ በርና መስኮት ልንቆጥር ሄድን። ታካሚው በረንዳውን ሞልቶታል። ያን የወደቀውን ሰው በዱላ ተደግፎ ግድግዳው ሥር ቆሞ አየሁት፤ ጭኑ ላይ የማይደርቅ ቁስል ወጥቶበታል። ያቀበለው ብሎኬት ከራሱ በላይ ተደርድሯል፤ በኖራ ተቀብቶ ያምራል።

«አፉ በሉኝ» አልኩት።

«አብሽሪ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተራው ደረሰና ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት እያነከሰ ሄደ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀና ሳትል ስሙን ጠየቀችው። ነገራት፤ በደንብ አልተሰማትም፤ ደገመላት። የአባቱንም፣ የአያቱንም ጠየቀችው፤ አንድም ሳትለውጥ ጻፈችው። በዚያ ሕንፃ ወረቀት ላይ ስሙ ተቀባይነት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር፤ በታማሚነት።