እሾህ የሌለው አጋም

ትናንት ከሰዓት... ልጄን ሲፈንን ከመዋዕለ ሕፃናት ተቀብዬ ባጃጅ ውስጥ ገና ከመቀመጣችን «እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው፣ ሁሌ የምትሰጠኝ ነገር አታጣም። ጨፈንኩላት። መዳፌ ላይ ሁለት ፍሬ አስቀመጠች፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀላ ያለ።

«አጋም ነው! አንቺ የምትወጂው!»

ኩየራ ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አጋም እየለቀምን እንበላ እንደነበር ስንቴ ነግሬያታለሁ። አሁን ግን ፍሬውን አገላብጬ አየሁት።

«ከየት ለቀምሽው?»

«ከመጫወቻችን አጥር።»

«በላሽ?»

አቀረቀረች።

«ሲፈን! በላሽ ወይ?»

«አልበላሁም... ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አፏን አስከፍቼ አየሁ። እጇን በያዝነው ውሃ አጠብኩት። ጓደኞቿስ በልተው እንደሆነ ስጠይቃት «ቲቸር ሲበስል ነው የሚበላው ብላናለች» አለችኝ።

ሲበስል! ባጃጁን አስመለስኩት።

ሃይስኩል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሰው ቢሳሳት አልፈርድም፣ አጋምና አጋም የሚመስለው መርዛማ ተክል የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ ሁለቱም አፖሲናሴ የሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው ያሉት። ሁለቱም ቁጥቋጦ ናቸው። ቅጠላቸው ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ነው። አበባቸው ሮዝ ነካ ያደረገው ነጭ፣ ሽታው ደግሞ ከሩቅ የሚጣራ። ቅርንጫፋቸውን ብትሰብሩት ወተት ያወጣል። ፍሬያቸው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ይሄዳል።

አንደኛው ካሪሳ ነው፣ የኛው አጋም። ሌላኛው ግን አኮካንቴራ... በአማርኛ ምረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ይሉታል። ድሮ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት መርዝ ከሱ ነው የሚወጣው። መለያው ቀላል ነው፤ አጋም ጥንድ ጥንድ እሾህ አለው፣ ያኛው የለውም።

መጫወቻው ጋ ሄጄ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩት። አንድም እሾህ የለም።

ዳይሬክተሩ ጋሽ ደሳለኝ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ መጫወቻው ጋ ያለው አጥር ምንድን ነው?»

«አጋም ነዋ!»

«እሾሁስ?»

ፈገግ አሉ እኮ! «እሱን ነው ያስቀረነው። የድሮው አጋም ዩኒፎርም እየቀደደ ወላጆች ሲያማርሩ ጊዜ ነቅለን እሾህ የሌለው አስመጣን። ምርጥ ዘር ነው። ዘንድሮ ገና ማፍራት ጀመረልን።»

ደሜ ፈላ። የሚበላውን ነቅለው የሚገድለውን ተክለው «ጀመረልን» ይሉኛል!

«ጋሼ፣ እሾህ የሌለው አጋም ብሎ ነገር የለም። ይሄ መርዝ ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ ሲበስል ይበላል ብለውናል።»

«የበሰለውን የሚበላ ሰው አለ እሺ። ያልበሰለውስ? ይኸው ልጄ አረንጓዴውን ነው ለቅማ ያመጣችልኝ! የአምስት ዓመት ልጅ ናት መርጣ የምትበላው?»

«እናጣራለን» አሉኝ። በቃ። ይሄ ነው መልሱ።

ማታ ፍሬውን ፎቶ አንስቼ «እሾህ የለውም፣ አጋም አይደለም፣ መርዝ ነው» ብዬ የወላጆች ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። አንዷ እናት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እና እሾህ ይሻላል ልትይን ነው?»

አዎ እታለም፣ ይሻላል! እሾህ ቢወጋ ይነቀላል።

ዛሬ ጠዋት ሲፈንን ይዤ ስሄድ አጥሩ እንዳለ ነው። አንዲት ቅጠል አልተነካችም። ፊት ለፊቱ ግን ቀይ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ ቆሟል፤ «ፍሬውን መብላት በጥብቅ የተከለከለ ነው»።

ሲፈን ቀና ብላ አየችውና «እማዬ፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

እዚያ ግቢ ያሉት ልጆች እኮ ገና ሀ ሁ ላይ ናቸው! ታፔላውን ከነእንጨቱ ነቅዬ፣ ቀሚሴ ቀይ በቀይ ሆኖ፣ የጋሽ ደሳለኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማንበብ ለሚችል ነው የተጻፈው። እርስዎ ያንብቡት።»

«ተረጋጊ እንጂ ልጄ... በስንት ልፋት ያደገ ተክል ነው። ግቢውን እኮ ያሳመረው እሱ ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይሄንንም የምጽፍላችሁ እዚያው ቢሮ ሆኜ ነው፣ ሲፈን አጠገቤ ሥዕል እየሳለች። አጥሩ እስኪነቀል አልነሳም ብያለሁ።

ቅድም በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። ማታ «እሾህ ይሻላል?» ያለችኝ እናት ናት። ጠረጴዛው ላይ አንድ እፍኝ አረንጓዴ ፍሬ ዘረገፈች፤ ከልጇ ዩኒፎርም ኪስ ያወጣችው ነው። ልጇ ደህና ነው፣ አልቀመሰም፣ ተመስገን። እሷም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጋሽ ደሳለኝ ፍሬውን አዩ፣ እኛን አዩ... ብድግ ብለው ወጡና ለሁለታችንም ሻይ አስመጡልን።

አልነካነውም። መርዝና አጋም ያልለየ ሰው ያስመጣውን ሻይ ማን ይጠጣል?