የስንዴው ወንበር

መታዘዝን እንደ ጸሎት የያዘ፣ የታዘዘውንም በፍርሃትና በትጋት የሚፈጽም ጭምት ሰው ነበር። በመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ጥርስ ሲነቅል በበሽተኛው ላይ እንደ ማጭድ ይጎብጥ ስለ ነበር፣ በዚያ በረሃብና በአብዮት ዘመን ስለ ሐኪም አቋቋም እንዲማር ወደ ደሴ ተላከ። አስተማሪውም «ወገብህን አቅና፤ አንተ አትጎንበስ፣ በሽተኛው ከፍ ይበል» አለው።

ሲመለስ ግን ከፍ ያለ ወንበር አልነበረም። በክፍሉ የተከማቸው፣ ሹም መጥቶ ሳይመርቀው እንዳይታደል፣ ጆንያውንም የፈታ እንዲታሰር የታዘዘበት የእርዳታ ስንዴ ነበር። ስለዚህ ጆንያዎቹን ደራርቦ ነጭ ጨርቅ አለበሳቸውና የተራቡትን በሽተኞች በላያቸው እያስቀመጠ ቀጥ ብሎ ይነቅል ጀመር። የእርዳታ ኮሚቴውም ወገቡን አይቶ አመሰገነው።

አንድ ቀን ከወግዲ የመጡ ሰብሪያ የሚባሉ አሮጊት የተቀመጡበትን ዳሰሱ።

«የኔ ጌታ፣ ይኼ ስንዴ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እናቴ። አፍዎን ይክፈቱ።»

«ወላሂ፣ ከከፈትኩት ሰነበትኩ፤ የሚገባበት ጠፋ እንጂ! ጥርሴን ተወውና የሚያኝከውን ስጠው።»

ሰውዬው ጉጠቱን አስቀመጠ። በሩን ዘጋ፤ የጆንያውን ስፌት ፈታና ስንዴውን በነጠላቸው ቋጠረላቸው።

ከዚያ ወዲህ በአገሩ የጥርስ ሕመም በዛ። ወንበሩ ዕለት ዕለት አጠረ፤ የሰውዬውም ወገብ ተመልሶ ጎበጠ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር «ጓድ፣ ወንበሩ ስለ ምን ዝቅ አለ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ መለሰ፦

«በሽተኞቹ እየከበዱ መጡ፣ ጌታዬ።»

እግዚአብሔር እጁን ይባርክ፤ ቤቱንም ከማጣት ይጠብቅ።