በሁዳዴ የሸተተ እንቁላል

ገብረየስ በሩን ያንኳኳ ሰው መመለስ አይችልም። ጠባዩ ነው፣ ምን ይደረግ! ሂልቶፕ ሰፈር ውስጥ የሚዞር የጋዝ ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ኦሃዮ ጋዙን የሚሸጥልህ ሌላ፣ ቧንቧውን ዘርግቶ የሚጠብቀው ሌላ መሆኑን ሻጮቹ በየተራ አስረድተውታል። «ዋጋው ሊጨምር ነው፣ ከእኛ ጋር ዋጋውን ባለበት ሎክ አድርገው» ሲሉት «ኧረ ብርድ ላይ አትቁም፣ ግባ!» ይላል። ውሃ ያቀርባል፣ እናት አባታቸውን ይጠይቃል፣ በመጨረሻም ይፈርማል። «ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ እንዴት ባዶ እጁን ልስደደው?» ነው መልሱ። እንዲህ እያለ በአንድ ክረምት ሦስት ሻጭ ቀየረ።

ሚስቱ ላቀች ሌላ ናት። ሻጭ ከመጣ በበሩ ቀዳዳ አይታ ትመለሳለች። ጾም ላይ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አታውቅም። በፈረንጆቹ 2022 ሁዳዴ ሲገባ ገብረየስም እንደ ደንቡ አብሯት ያዘ። ግን ሥራው አየር ማረፊያ ሰው ማመላለስ ነውና አንድ ጠዋት አየር ማረፊያው አጠገብ ጋሃና ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ሰይጣን አሳሳተው፤ የእንቁላል ሳንድዊች ገዝቶ በላ። ለአንዴ ነው ብሎ ነበር፣ ማግስቱንም ደገመው።

በዚያው ሰሞን ላቀች ከዕቃ መጋዘን ሥራዋ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቀረች። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ አሸተተች።

«እንቁላል!» አለች።

«የምን እንቁላል?»

«የከረመ እንቁላል! ገብረየስ፣ በሁዳዴ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ሽታው ከየት እንደመጣ ይፈልግ ነበር። ገብረየስ ግን ባለፈው ዓመት ኮሮና ከያዘው ወዲህ አፍንጫው ለጌጥ ነው ያለው፤ ሽንኩርት ቢያርር አያውቅም። ደግሞ ጥፋቱን ያውቃል። ሳንድዊቹ ትንፋሹና ጃኬቱ ላይ ቀርቶ ያጋለጠው መሰለውና ክው አለ። «ምን ነክቶሽ ነው? እኔ?» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ከዚያ ወዲህ እሷ ከመግባቷ በፊት ጃኬቱን ያራግፋል፣ ጥርሱን ይፍቃል፣ በዚያ ብርድ የኩሽናውን መስኮት ወለል አድርጎ ይከፍታል። ሳንድዊቹን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሽታው ግን ጭራሽ ባሰ! ላቀች በገባች ቁጥር ታነፈንፍና «ዛሬስ ስንቱን ዋጥከው?» ትለዋለች። ምስኪን፣ እግዜር ራሱ እያሳጣው መሰለው። በመጨረሻ «ከጾም ፈቺ ጋር አልቀርብም» ብላ ማዕዱን ለየችው። ሃያ ዓመት ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ሽሮውን ብቻውን ሲበላ አስቡት።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱም ቤት ሳሉ፣ የኩሽናው መስኮትም እንደተከፈተ፣ በሩ ተንኳኳ። ያንኳኳችው ኤልዳና ትባላለች፤ እዚሁ ዎርዝንግተን ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፣ ለአንድ ጋዝ ሻጭ ነው የምትሠራው። ገብረየስ «ግቢ የኔ ልጅ!» ከማለቱ አንድ እግሯን አስገብታ ቀጥ አለች።

«ኦ ማይ ጋድ! ጋሼ፣ ጋዝ ይሸታል!»

«ጋዝ አይደለም፣ ባሌ ነው» አለች ላቀች ከውስጥ።

«ኖ፣ ኖ! ጋዙ በራሱ እኮ አይሸትም። ሲያፈስ ሰው እንዲነቃ ብለው ነው እንደ ገማ እንቁላል እንዲሸት የሚያደርጉት። ምንም አትንኩ፣ መብራቱንም አታጥፉ። ሌትስ ጎ!»

ግር ብለው ወጡ። መንገዱ ዳር ቆመው ገብረየስ ጋዙን ወደሚሸጥለት ድርጅት ደወለ። ማሽኑ ሙዚቃ አሰማውና «ውል ለማደስ አንድን ይጫኑ» አለው። «ቤቴ ሊፈነዳ ነው እያልኩህ!» ብሎ ማሽኑ ላይ ጮኸ። ኤልዳና ስልኩን ቀማችው። «ጋሼ፣ እኛ መሸጥ ብቻ ነው። ሲያፈስ የሚመጣው ባለቧንቧው ነው» ብላ ወደዚያ ደወለች።

ባለሙያው ወዲያው ከተፍ አለ። ገብረየስ ሲያየው ሐፍረት ያዘው። «ይቅርታ፣ እኔ ጋዝ የምገዛው ከሌላ ነው» አለው በእንግሊዝኛ።

«ከማንም ግዛ» አለ ሰውየው፣ መሣሪያውን ይዞ እየገባ። «ሽታ ካለ እኔ እመጣለሁ።»

መሣሪያው ምድጃው ጀርባ ሲደርስ ጮኸ። ቱቦው ተሰንጥቆ ኖሯል። ጋዙን ዘጋ፣ ምድጃው ላይ «አትጠቀሙ» የሚል ቀይ ምልክት አንጠለጠለ፣ ቤቱን አናፍሶ ወጣ። «ቱቦውን ሳታስቀይሩ እንዳትለኩሱት። ለመሆኑ መስኮቱን የከፈተ ማነው?» አለ። «ያተረፋችሁ እሱ ነው። ዝግ ቢሆን ኖሮ አንድ ክብሪት ይበቃችሁ ነበር።»

ላቀች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አፈር ልብላልህ! ንጹሑን ሰው ስሙን ሳጠፋ ከረምኩ!» ገብረየስ ደረቱን ነፋ። እውነት ለመናገር ደስ አለው፤ ንጹሕ መሆን ጣፋጭ ነገር ነው። ግን ብዙ አልቆየም። ላቀች ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«ቆይ እስቲ። አንተ እንደሁ አይሸትህም።»

«አይሸተኝም።»

«ታዲያ በዚያ ብርድ መስኮቱን ምን ብለህ ነው የምትከፍተው?»

ባለሙያውን አየ፣ ኤልዳናን አየ። እሷ ስልኳ ውስጥ ገብታለች። የሚያድነው ጠፋ።

«በልቼ ነበር» አለ። «ጋሃና። ሳንድዊች። ከተውኩት ግን ቆየሁ፣ እመኚኝ።»

የስድብ መዓት ይወርድብኛል ብሎ ትከሻውን ሰበሰበ። ላቀች ግን ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብላ እንባዋን ለቀቀችው።

«ቤቱ ቢፈነዳ ኖሮ እኮ» አለች፣ «እኔ ጾሜን ይዤ፣ አንተ እንቁላልህን ይዘህ ልንሄድ ነበር። እዚያ ስደርስ በየት በኩል ብዬ ነው የምፈልግህ?»

ገብረየስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጇን ያዘና አብሯት ተነፋረቀ። አማርኛ የማያውቀው ባለሙያ ግራ ገብቶት ጎንበስ አለላቸው።

«አይዟችሁ» አለ፣ «ምድጃው ደህና ነው። ቱቦው ብቻ ነው የሚቀየረው።»